ዣክ-ኢቭ ኩስቶ

ዣክ-ኢቭ ኩስቶ (ሰኔ 4 ቀን 1902 – ሰኔ 18 ቀን 1989 ዓ.ም.፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 11 ቀን 1910 – ጁን 25 ቀን 1997) ፈረንሳዊ የባሕር ኃይል መኮንን፣ ጠላቂ ዋናተኛ፣ የፊልም ሠሪና የባሕር አሳሽ ነበረ። ከኢንጂነር ኤሚል ጋኛን ጋር በ1943 የሠራው አኳ-ላንግ የተባለ የመተንፈሻ መሣሪያ፣ ሰው አየሩን በጀርባው አዝሎ፣ ከመርከብ በሚወርድ ቱቦ ሳይታሰርና ሁለት እጁን ነፃ አድርጎ በባሕር ውስጥ እንዲዋኝ አስቻለ። ዛሬ ስኩባ እየተባለ የሚጠራው የመጥለቅ ዘዴ በዓለም የተስፋፋው ከዚህ መሣሪያ ተነሥቶ ነው። ኩስቶ ካሊፕሶ በተባለች መርከቡ፣ በቀይ የሱፍ ቆቡና በቴሌቪዥን ፊልሞቹ ከዘመኑ እጅግ ዝነኛ ሰዎች አንዱ ሆኖ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ኩስቶ የተወለደው በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከቦርዶ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ሳን-አንድሬ-ደ-ኩብዛክ ነው። አባቱ ዳንኤል ኩስቶ የሕግ ሰው ሲሆን ለአሜሪካውያን ባለጸጎች የግል ጸሐፊ ሆኖ ይሠራ ስለነበር ቤተሰቡ ከአገር አገር ይዘዋወር ነበር። ዣክ-ኢቭ በልጅነቱ ጤናው ደካማ ነበር። ቤተሰቡ ለጥቂት ጊዜ በኒው ዮርክ ሲኖር፣ በቬርሞንት ግዛት በሚገኝ የልጆች የበጋ ሰፈር ውስጥ ከሐይቅ ሥር ቅርንጫፍ የማጽዳት ሥራ ተሰጥቶት ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ውስጥ ጠልቆ መቆየትን ተማረ። በ13 ዓመቱ የፊልም ካሜራ ገዛ። ካሜራውን ከመጠቀም ይልቅ ፈታትቶ መልሶ መግጠም ይወድ ነበር። በትምህርት ግን ደካማ ነበር፤ የትምህርት ቤት መስኮቶችን በመስበሩ ተባሮ ሥርዓቱ ጥብቅ ወደሆነ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ።

በ1930 የፈረንሳይ ባሕር ኃይል አካዳሚ ገባ። በ1933 የመድፍ ክፍል መኮንን ሆኖ ተመረቀ፤ በመርከብ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ተጓዘ። የልቡ ምኞት ግን አብራሪ መሆን ስለነበር ወደ ባሕር ኃይሉ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ተዛወረ።

የመኪናው አደጋ

በ1936 በሌሊት የአባቱን የስፖርት መኪና ሲነዳ ከባድ አደጋ ደረሰበትና ሁለቱም ክንዶቹ ተሰበሩ። ሐኪሞች አንዱን ክንድ ለመቁረጥ አስበው እሱ እምቢ እንዳለ ይነገራል። ክንዱን እንደገና ማንቀሳቀስ እስኪችል ወራት ፈጀበት። የአብራሪነቱ ነገር በዚሁ አበቃ።

ባሕር ኃይሉ ወደ ቱሎን ወደብ መደበው። እዚያ ፊሊፕ ታዬ የተባለ ከእሱ በዕድሜ ከፍ ያለ መኮንን ክንዶቹ እንዲጠነክሩ በየቀኑ ባሕር ውስጥ እንዲዋኝ መከረው፤ የውሃ ውስጥ መነጽርም አዋሰው። ኩስቶ በዚያ መነጽር ራሱን ከባሕሩ በታች ሲነክር ያየው ዓለም የቀሪ ሕይወቱን አቅጣጫ ቀየረው። ሦስተኛ ጓደኛቸው ፍሬዴሪክ ዱማ በትንፋሹ ብቻ ጠልቆ ዓሣ በመውጋት በአካባቢው የታወቀ ነበር። ሦስቱ ከዚያ በኋላ ለዓመታት አልተለያዩም።

በ1937 ሲሞን ሜልኪዮርን አገባ። የሲሞን አባት የቀድሞ የባሕር ኃይል አድሚራልና የኤር ሊኪድ ኩባንያ ኃላፊ ነበር። ኤር ሊኪድ አየርንና ሌሎች ጋዞችን አምቆ የሚሸጥ ትልቅ ድርጅት ነው፤ ይህ ዝምድና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወሳኝ ሆነ። ባልና ሚስቱ ዣን-ሚሼልና ፊሊፕ የተባሉ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ።

አየሩን የት መሸከም ይሻላል?

ከኩስቶ በፊት ውሃ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች አብዛኞቹ ከባድ የመዳብ ቆብና የእርሳስ ጫማ አድርገው፣ ከላይ በሚነፋ ቱቦ እየተነፈሱ የባሕርን ወለል በእግር የሚራመዱ ነበሩ። ቱቦው ሕይወታቸው ቢሆንም እስራታቸውም ነበር። ከዚህ ለመላቀቅ የተደረገው ሙከራ ግን የቆየ ነው። በ1860ዎቹ ፈረንሳውያኑ ቤኖዋ ሩኬሮልና ኦጉስት ዴኔሩዝ ጠላቂው እንደ ወታደር ስንቅ በጀርባው የሚያዝለው የብረት የአየር ማከማቻ ሠርተው ነበር። መሣሪያው ጠላቂው ሲስብ ብቻ አየር ይሰጥ ነበር፤ ሐሳቡ ትክክል ነበር ማለት ነው። የዚያ ዘመን ብረት ግን ብዙ አየር በከፍተኛ ግፊት ማመቅ ስለማይችል ጠላቂው ከቱቦው ተላቆ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር። ዡል ቬርን ከባሕር በታች ስለሚደረግ ጉዞ በጻፈው ታዋቂ ልብ ወለድ ላይ ገጸ ባሕርያቱ የሚጠቀሙት መሣሪያ ከዚህ የተወሰደ ነው።

በ1930ዎቹ ሌላው የባሕር ኃይል መኮንን ኢቭ ለ ፕሪየር የታመቀ አየር የያዘ ሲሊንደር ደረቱ ላይ አስሮ ጠለቀ። የእሱ መሣሪያ አየሩን ያለማቋረጥ የሚለቅ ስለነበር ጠላቂው ቧንቧውን በእጁ እየከፈተና እየዘጋ መቆጣጠር ነበረበት፤ አየሩም ቶሎ ያልቅ ነበር። ዦርዥ ኮሜን የተባለ ወጣት መሐንዲስ ደግሞ ሲሊንደሮቹን ጀርባ ላይ አድርጎ በራሱ የሚሠራ መቆጣጠሪያ ገጠመላቸውና በ1943 በማርሴይ አጠገብ 53 ሜትር ድረስ ጠለቀ። ኮሜን በ1944 በስትራስቡርግ ውጊያ በታንክ ውስጥ ሞተ። ባይሞት ኖሮ ዛሬ በኩስቶ ስም የሚነገረው ታሪክ ቢያንስ በከፊል የእሱ ይሆን ነበር። ኩስቶ ብቸኛው ፈልሳፊ ተደርጎ በብዙ መጻሕፍት መቅረቡ ስለዚህ ትክክል አይደለም።

ኩስቶ መጀመሪያ የሞከረው ንጹሕ ኦክስጅን ነበር። ወደ 14 ሜትር ሲጠልቅ ሰውነቱ በድንገት ተንቀጠቀጠና ራሱን ሊስት ምንም አልቀረውም፤ የእርሳስ ቀበቶውን ጥሎ ብቻ ተረፈ። መሣሪያውን አሻሽሎ ደግሞ ሞከረ፤ አሁንም ያው ደረሰበት። ኦክስጅን በግፊት ሲተነፈስ መርዝ እንደሚሆን በራሱ ሰውነት ተረዳ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ተራ አየር መለሰ።

ከማርን ወንዝ እስከ ባንዶል

በ1942 መጨረሻ ኩስቶ በፓሪስ የኤር ሊኪድ ኢንጂነር ከሆነው ኤሚል ጋኛን ጋር ተገናኘ። ፈረንሳይ በጀርመን ተይዛ ነበር፤ ነዳጅ ስለጠፋ መኪናዎች ከእንጨትና ከከሰል በሚወጣ ጋዝ ይነዱ ነበር። ጋኛን ለነዚያ መኪናዎች ጋዙን ሞተሩ በሚፈልገው ልክ ብቻ የሚለቅ ትንሽ መቆጣጠሪያ ሠርቶ ነበር። ኩስቶ የፈለገውም ይህንኑ ለሰው ሳንባ ነበር፤ ሲሳብ የሚከፈት፣ ሲቆም የሚዘጋ፣ የአየሩንም ግፊት ከዙሪያው ውሃ ግፊት ጋር የሚያስተካክል። በየ10 ሜትሩ የውሃው ግፊት በአንድ ከባቢ አየር ስለሚጨምር፣ በዚያው መጠን ያልታመቀ አየር ሳንባ ውስጥ ሊገባ አይችልም።

የመጀመሪያው ሙከራ በ1943 መጀመሪያ በክረምት ብርድ በማርን ወንዝ ተደረገ። ኩስቶ አግድም ሆኖ ሲዋኝ መሣሪያው በደንብ ሠራ። ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን አየሩ እየተንቦጫረቀ ይባክናል፤ ራሱን ወደ ታች ሲያደርግ ደግሞ አየር እምቢ ይላል። ሁለቱ ሰዎች ተስፋ ቆርጠው ወደ ፓሪስ በመመለስ ላይ ሳሉ ምክንያቱ ተገለጠላቸው። መቆጣጠሪያው ጀርባ ላይ፣ የተተነፈሰው አየር መውጫ ደግሞ ራስ አጠገብ ነበረ። ሰውየው ሲቆም መውጫው ከመቆጣጠሪያው ከፍ ስለሚል በላዩ ያለው የውሃ ግፊት ያንሳል፤ ስለዚህ አየሩ ወደዚያ ይሮጣል። ሲገለበጥም ተቃራኒው ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነበር። የወጪውን አየር በሁለተኛ ቱቦ መልሰው ከመቆጣጠሪያው ጎን እንዲወጣ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ጠላቂው ወደ የትኛውም አቅጣጫ ቢገለበጥ መግቢያውና መውጫው እኩል ከፍታ ላይ ሆኑ። ልዩነቱ ከስንዝር የማይበልጥ ቢሆንም የመሣሪያው ዕጣ የተወሰነው በሱ ነው።

የተሻሻለው መሣሪያ በ1943 በጋ በባቡር ወደ ባንዶል ደረሰ፤ ባንዶል በሜዲትራኒያን ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። ኩስቶ ሦስት ሲሊንደሮች ያሉትን፣ ክብደቱ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ የሆነውን መሣሪያ ታጥቆ፣ ከጣሊያን ወታደሮች ዓይን ራቅ ካለ የባሕር ዳርቻ ወደ ውሃው ገባ። ሲሞን ከላይ እየዋኘች ትከታተለው ነበር፤ ዱማ ደግሞ አንዳች ነገር ቢፈጠር ለመድረስ ዳር ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። በመሬት ላይ ጎብጦ የሚያስኬደው ጭነት ውሃ ውስጥ ክብደቱ ጠፋ። ኩስቶ ወደ 18 ሜትር ወረደ፣ ተገለበጠ፣ በአንድ ጣቱ ቆመ፤ በዋሻ ውስጥም ገብቶ ሎብስተር እየያዘ ለሲሞን አቀበላት። በጦርነት ረሃብ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ከሰባት ዓመት በፊት ክንዶቹን ሊያጣ የነበረ ሰው አሁን ሁለቱም እጆቹ ነፃ ነበሩ።

ማንገቻው

ስለ አኳ-ላንግ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሣው መቆጣጠሪያው ነው። መሣሪያውን ከሰውነት ጋር የሚያያይዘው ማንገቻ ግን ብዙም አይነሣም። ይሁንና ማንገቻው ሲላላ መቆጣጠሪያውም ይበላሻል ማለት ይቻላል። በሁለት ቱቦ በሚሠራው በጋኛንና ኩስቶ መሣሪያ፣ መቆጣጠሪያው በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል፣ ከሳንባ ጋር ተቀራራቢ ከፍታ ላይ ሲቀመጥ ትንፋሽ ይቀላል። ሲሊንደሩ ወደ ማጅራት ከተንሸራተተ ወይም ከጀርባ ተላቆ ከተንጠለጠለ፣ በሳንባውና በመቆጣጠሪያው መካከል የውሃ ግፊት ልዩነት ይፈጠርና ጠላቂው እያንዳንዱን ትንፋሽ ታግሎ ይስባል።

የመጀመሪያው ማንገቻ ራሱ ያልተወሳሰበ ነበር፤ በቀጥታ በሲሊንደሮቹ ላይ የታሰሩ የትከሻ ማንገቻዎች፣ የወገብ ቀበቶና በእግሮች መካከል አልፎ ከፊት የሚያያዝ ጠፍር። ይህ የመጨረሻው ለሚያየው ሰው የማያስፈልግ ይመስላል። ጠላቂ ግን አብዛኛውን ጊዜ አግድም ወይም ወደ ታች ዘንበል ብሎ ስለሚዋኝ፣ ከታች የሚይዘው ነገር ከሌለ ጭነቱ በሙሉ ወደ ራሱ ይንሸራተታል። በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በባቲ የሰኞ ገበያ ከአፋር ቆላ የሚመጣ ግመል ሲጫን ያየ ሰው ነገሩ ግልጽ ይሆንለታል። ጭነቱ ግራና ቀኝ ተመዛዝኖ መታሰሩ ብቻ አይበቃም፤ ቁልቁለት ላይ ወደ አንገት እንዳይሄድም ከኋላ መያዝ አለበት። በከሚሴ መንደሮች እንስራ በጀርባዋ የምታዝል ሴትም ገመዱ ደረቷ ላይ ከየት ማለፍ እንዳለበት ታውቃለች። ገመዱ ከፍ ሲል ያንቃል፤ ዝቅ ሲል እንስራው ወደ ኋላ ይጎትታታል።

ከኩስቶ በኋላ የመጡ ጠላቂዎች ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ለዋውጠውታል። በመጀመሪያ ሲሊንደሩ የሚያርፍበት የላስቲክ ዝርግ መጣ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሞሪስ ፌንዚ የተባለ ፈረንሳዊ አየር የሚሞላና ጠላቂውን የሚያንሳፍፍ የአንገት ሰደርያ ለገበያ አቀረበ፤ በ1970ዎቹ ደግሞ ማንገቻውም ማንሳፈፊያውም በአንድ የተሰፋ ጃኬት ተስፋፋ። የፍሎሪዳ ዋሻ ጠላቂዎች ግን ወደ ቀላሉ ነገር ተመለሱ። አንድ የታጠፈ የብረት ዝርግ ጀርባቸው ላይ አድርገው፣ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ረጅም የናይለን ጠፍር በዝርጉ ቀዳዳዎች አሳልፈው ትከሻቸውንና ወገባቸውን ያዙበት፣ በእግሮች መካከል የሚያልፈውንም ጠፍር መለሱት። ማንሳፈፊያው ከረጢት በዝርጉና በሲሊንደሩ መካከል ይገባል። ይህ አሠራር ከባንዶሉ ማንገቻ ጋር ያለው ዝምድና ከጃኬቱ ይልቅ የቀረበ ነው።

እንዲህ ያለውን የጀርባ ብረት የሚመርጥ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው የገላውን ቁመት ነው። ዝርጉ ከትከሻ አጥንቶች መካከል ጀምሮ ወገብ ላይ ሲያልቅ ይመቻል፤ አጭር ሰው ረጅም ዝርግ ከታጠቀ የታችኛው ጠርዝ መቀመጫውን ይወጋዋል፣ የላይኛው ደግሞ አንገቱን ቀና እንዳያደርግ ይከለክለዋል። የማይዝግ ብረት ዝርግ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ ወፍራም የብርድ ልብስ ለሚለብስ ጠላቂ ወገቡ ላይ ከሚታሰረው እርሳስ የተወሰነውን ይተካለታል። በሞቃት ባሕር፣ ለምሳሌ በቀይ ባሕር፣ በስስ ልብስ ለሚጠልቅ ወይም በአውሮፕላን ለሚጓዝ ግን ቀላሉ አሉሚኒየም ይሻላል። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት የትከሻውን ማንገቻ በማጥበቅ ነው። ውሃ ውስጥ ጭነቱ በትከሻ ላይ ስለማያርፍ ማንገቻው ላላ ብሎ፣ ጠላቂው ክንዱን ወደ ኋላ ዘርግቶ የሲሊንደሩን ቧንቧ መንካት መቻል አለበት፤ አጥብቆ የሚይዘው የወገቡ ቀበቶ ነው። የቀበቶውም ዘለበት በአንድ እጅ የሚፈታ መሆን ይኖርበታል፤ መረብ ወይም ገመድ ለያዘው ሰው ከማንገቻው መውጣት የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ምቾት የሚለካውም በመሬት ላይ በመስታወት ፊት ሳይሆን የሚጠለቅበትን ልብስ ለብሶ ውሃ ውስጥ ነው።

የቮክሉዝ ምንጭ

ጦርነቱ ሲያበቃ ኩስቶና ታዬ የፈረንሳይን ባሕር ኃይል አሳምነው በ1945 በቱሎን የውሃ ውስጥ ምርምር ቡድን አቋቋሙ። ቡድኑ ከወደቦች ፈንጂ ያነሣ፣ የሰመጡ መርከቦችን ይመረምር ነበር። ኤር ሊኪድም መሣሪያውን የሚሸጥ ላ ስፒሮቴክኒክ የተባለ ኩባንያ መሠረተ።

በነሐሴ 1946 ኩስቶና ዱማ በደቡብ ፈረንሳይ ወደሚገኘው የቮክሉዝ ምንጭ ገቡ። ምንጩ ከተራራ ሥር የሚፈልቅ ጥልቅ የውሃ ዋሻ ነው። ሁለቱ በገመድ ተያይዘው ወደ ጨለማው ወረዱ። ጥቂት ቆይተው ሁለቱም አእምሯቸው ደነዘዘ፤ የት እንዳሉና ምን ሊያደርጉ እንደመጡ ማስታወስ አቃታቸው። ዱማ ራሱን ወደመሳት ሲቃረብ ኩስቶ እሱን እየጎተተ በገመዱ ወደ ላይ ለመውጣት ታገለ። ከላይ ገመዱን የያዘው ባልደረባቸው ሞሪስ ፋርግ ነገሩ ስላላማረው በኃይሉ ስቦ አወጣቸው። በኋላ ሲመረመር ሲሊንደሮቹን የሞላው መጭመቂያ የራሱን ሞተር ጭስ እየሳበ ከአየሩ ጋር እንዳመቀው ታወቀ፤ የመረዛቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ፋርግ ራሱ ወደ 120 ሜትር ለመጥለቅ ሲሞክር ሞተ። መሣሪያው እጅን ነፃ ቢያወጣም ከጥልቀት አደጋ ነፃ አያወጣም። በ40 እና 50 ሜትር ላይ አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን እንደ መጠጥ ማስከር እንደሚጀምርም ያወቁት በነዚሁ ዓመታት ነው።

ካሊፕሶና ቀይ ባሕር

በ1950 ቶማስ ሎል ጊነስ የተባለ እንግሊዛዊ ባለጸጋ አንዲት አሮጌ የፈንጂ ጠራጊ መርከብ ገዝቶ በዓመት አንድ ፍራንክ ኪራይ ለኩስቶ ሰጠው። መርከቧ ከጦርነቱ በኋላ በማልታ መኪናና መንገደኛ ታሻግር ነበር፤ ስሟ ካሊፕሶ ነው። ሲሞን ጌጣጌጦቿን ሸጣ ለመርከቧ ጥገና እንዳዋለች ይነገራል። ከባሏ ይልቅ በመርከቧ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ የኖረችውም እሷ ናት።

የካሊፕሶ የመጀመሪያ ትልቅ ጉዞ በ1951 መጨረሻ ወደ ቀይ ባሕር ተደረገ። ጠላቂዎቹ በአረቢያ በኩል ያሉትን የፋራሳን ኮራሎች መረመሩ። በዚያው ሰሞን፣ በ1952 እና 1953፣ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል፣ አንድ የጣሊያን ቡድን በዳህላክ ደሴቶች አጠገብ ጠልቆ ፎልኮ ኩዊሊቺ ፊልም አድርጎ ያቀረበውን ሥራ ይቀርጽ ነበር። ስለዚህ የቀይ ባሕር የውሃ ውስጥ ገጽታ ለዓለም የታየው ከሁለቱም ዳርቻ በአንድ ዘመን ነው።

በ1953 ኩስቶ ከዱማ ጋር ስለ መጥለቅ የጻፈው መጽሐፍ ታተመ። በዚሁ ርእስ ከወጣቱ ሉዊ ማል ጋር ያዘጋጀው ዝምታው ዓለም የተባለው ፊልም በ1956 በካን የወርቅ ዘንባባ፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ኦስካር አገኘ። ቀረጻው በሜዲትራኒያን፣ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ የተደረገ ነው። ፊልሙን ዛሬ የሚያይ ሰው ግን ሊደነግጥ ይችላል። የዓሣ ዓይነቶችን ለመቁጠር ሲባል ኮራል በዲናሚት ሲፈነዳ፣ በመርከቧ ማዞሪያ የቆሰለች የዓሣ ነባሪ ግልገል የሳበቻቸው ሻርኮች በመርከበኞቹ ሲገደሉ ይታያል። ኩስቶ በ1954 ለነዳጅ ኩባንያ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ የባሕሩን ወለል መርምሮ በክፍያው መርከቡን አንቀሳቅሷል። በኋላ የተፈጥሮ ጠባቂ ተብሎ የታወቀው ሰው በጅምሩ እንዲህ አልነበረም።

በ1957 ባሕር ኃይሉን ለቆ የሞናኮ የውቅያኖስ ሙዚየም ዳይሬክተር ሆነ። ከ1962 ጀምሮ ሰዎች ከባሕር በታች የሚኖሩባቸውን ቤቶች ሞከረ። ሁለተኛው ሙከራ በ1963 ከፖርት ሱዳን በስተ ሰሜን በሻብ ሩሚ ኮራል ላይ ተደረገ፤ ሰዎቹ በ10 ሜትር ጥልቀት ለአንድ ወር ኖሩ። በስተጥልቅ ባለ ትንሽ ክፍል ደግሞ ሁለት ሰዎች አንድ ሳምንት ቆዩ። የዚያ ሰፈር ቅሪት አሁንም በባሕሩ ወለል ላይ ይገኛል። በ1965 የተደረገው ሦስተኛው ሙከራ ስድስት ሰዎችን በ100 ሜትር ጥልቀት ለሦስት ሳምንት አኖረ። ከዚያ በኋላ ገንዘቡም ፍላጎቱም ቀነሰ።

ተቆርቋሪነት

በ1960 የፈረንሳይ መንግሥት የራዲዮአክቲቭ ዝቃጭ በሜዲትራኒያን ለመጣል ሲያቅድ ኩስቶ ሕዝብ አነሣስቶ ዕቅዱ እንዲቆም ካደረጉት አንዱ ነበር። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለዓመታት የተላለፉት የቴሌቪዥን ፊልሞቹ በብዙ አገሮች ታዩ፤ በ1970ዎቹም በስሙ የሚጠራ የባሕር ጥበቃ ማኅበር መሠረተ። በአንታርክቲካ ማዕድን እንዳይቆፈር በ1990 ያስጀመረው የፊርማ ዘመቻ፣ በማግሥቱ ዓመት በማድሪድ ለተፈረመው የጥበቃ ስምምነት ከገፉት ነገሮች አንዱ ነው።

የቤተሰብ ታሪኩ ቀላል አልነበረም። ታላቅ ወንድሙ ፒየር-አንትዋን በጀርመን ወረራ ዘመን ከናዚዎች ጋር የተባበረ ጋዜጣ አዘጋጅ ስለነበር ከጦርነቱ በኋላ ሞት ተፈርዶበት ነበር፤ ቅጣቱ ወደ እስራት ተለውጦለት በኋላ ተፈታ። በጦርነቱ ዘመን ለፈረንሳይ የስለላ ክፍል ሠርቶ የተሸለመው ዣክ-ኢቭ በወንድሙ ችሎት የባሕር ኃይል ልብሱን ለብሶ መሰከረለት። ይህም በሥራው እድገት ላይ ጉዳት ሳያደርስበት አልቀረም። በሰኔ 1979 ተተኪው ይሆናል ያለው ልጁ ፊሊፕ በሊዝበን አጠገብ በቴጆ ወንዝ ላይ በባሕር አውሮፕላን አደጋ ሞተ። ሲሞን በ1990 አረፈች፤ ኩስቶም በማግሥቱ ዓመት ፍራንሲን ትሪፕሌን አገባ። ከእሷ ቀደም ሲል ሁለት ልጆች ወልዶ ነበር።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1988 የፈረንሳይ አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠ። በጥር 1996 ካሊፕሶ በሲንጋፖር ወደብ ቆማ ሳለ አንድ ጀልባ ገጭቷት ሰመጠች። ከውሃው ወጥታ ወደ ፈረንሳይ ብትወሰድም ኩስቶ እንደገና ባሕር ላይ ሳያያት በጁን 25 ቀን 1997 በ87 ዓመቱ በፓሪስ ሞተ። ሥርዓተ ቀብሩ በፓሪስ ኖትር ዳም ካቴድራል ከተከናወነ በኋላ በተወለደባት በሳን-አንድሬ-ደ-ኩብዛክ በቤተሰቡ መቃብር ተቀበረ። ኤሚል ጋኛን ከጦርነቱ በኋላ ወደ ካናዳ ሄዶ የመጥለቂያ መሣሪያዎችን ሲያሻሽል ኖሮ ከእሱ ቀድሞ አርፎ ነበር፤ ፊሊፕ ታዬ ግን እስከ 2002 ቆየ።